ዓለም ገና ላይ የመጣው

ለልጄ እናት፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር እንድትረጂልኝ እፈልጋለሁ፤ እሱን ካልያዝሽ የቀረውን ሁሉ አጣመሽ ታነቢዋለሽ። እኔ እግዚአብሔር የለም አላልኩም። ሰበታ ውስጥ «ጡረተኛው መምህር ካደ» እየተባለ ይወራል፤ ወሬው ሱሉልታ ደርሶ ከሆነ ውሸት ነው። እኔ ያልኩት እግዚአብሔር የመጣበት ጊዜ አለ ነው። የለም ማለትና መጣ ማለት አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት ለሌላ ሰው ለማስረዳት ብዙ ደክሜአለሁ፤ ለአንቺ ግን ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ የሱሉልታን ብርድ እንዴት ቻለው? የምታድሪበት ቤት ጣሪያው እንደሚያፈስ ሰምቼ ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ ተጠግኖ እንደሆነ ንገሪኝ። እኔ ደህና ነኝ። ለደም ግፊቴ የታዘዘልኝን ኪኒን ሳላዛንፍ እወስዳለሁ፣ ጨው ቀንሻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ዋናው አስፋልት በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ።

ቆብ ከጫንሽ ወዲህ ሰው ሁሉ «እማሆይ» እያለ በአንቱታ እንደሚያነጋግርሽ አውቃለሁ። እኔም ይህን ደብዳቤ በአንቱታ ጀምሬው ነበር። ግማሽ ገጽ ከሄድኩ በኋላ ለማላውቃቸው አሮጊት መነኩሴ የምጽፍ መሰለኝና ቀደድኩት። ስለዚህ አንቺ እንዳልኩሽ ልቀጥል፤ ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን። ስልክ እንደማትይዢ ሰምቻለሁ። ብትይዢም ይህ በስልክ የሚወራ ነገር አይደለም።

ጉዳዩ የተነሳው ዱርሲቱ ቤት ነው። ዱርሲቱ ከቤቴ ፊት ለፊት መንገድ ዳር ጉሊት ዘርግታ ድንችና ሽንኩርት የምትሸጥ ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያለቻት አንዲት ልጅ ሐኒ ነበረች። ሐኒን ልጅ ሳለች ሒሳብ አስጠንቻታለሁ፤ መልሱን ቶሎ ታገኘዋለች፣ እንዴት እንዳገኘችው መጻፍ ግን ይሰለቻታል። ከፍ ስትል ቡራዩ አንድ ልብስ ቤት ተቀጠረች። እዚያው ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ እየኖረች እሁድ እሁድ እናቷ ጋ ትመጣ ነበር። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ፣ አስፋልት ስታቋርጥ የጭነት መኪና ገጫት። ሬሳዋ ሰበታ መጥቶ እዚሁ ተቀበረች።

በሦስተኛው ቀን የእድሩ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ዱርሲቱ ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ሴቶቹ አጥሚት በብርጭቆ ይዘው ይለምኗታል፣ እሷ ፊቷን ታዞራለች። መምሬ ገብረየስ ገቡ። የደብራችን ቄስ ናቸው፤ የእሷም የእኔም የነፍስ አባት ናቸው። ከእኔ ጋር ደግሞ ከነፍስ አባትነት ያለፈ ወዳጅነት አለን፤ አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ቀን እየተከራከርን አብረን እናሰላለን። መምሬ ጸሎት አደረሱና አጠገቧ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔርም እኮ ልጁን ሰጥቷል። ሐዘንሽን ያውቀዋል» አሏት።

ዱርሲቱ ቀና አለች። «ለእሱማ በሦስተኛው ቀን ተነሳለት አይደል እንዴ፣ አባ? የእኔም ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ «ኧረ እባክሽ፣ እሱ ያጽናሽ» አለች። ዱርሲቱ ግን ወደ ወንዶቹ አግዳሚ ዞረች። «ማን ወልዶት ነው እንዲህ የማያውቅ የሆነው? ከየት ነው የመጣው? ይህ ሁሉ ሰው ተቀምጣችሁ አንድ ሰው አይነግረኝም?»

ለቅሶ ቤት ውስጥ የሐዘንተኛ ጥያቄ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ሐዘንተኛ ይጠይቃል፣ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ አንገቱን ይደፋል፣ ጥያቄው እዚያው ይቀራል። ደንቡ ይህ ነው፤ ጥሩ ደንብ ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲነሳ መልስ ስሰጥ ኖርኩ። ተማሪ ጠይቆ እኔ ዝም ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከአግዳሚው ስነሳ ለራሴም አልታወቀኝም።

እንዲህ አልኳት፦ «መጀመሪያ እሱ አልነበረም፣ ዱርሲቱ። ድንጋይ ነበረ፣ ውሃ ነበረ፣ በይም ተበይም ነበረ። የሞተው ይሞታል፣ ያልሞተው ይሄዳል፣ ዞሮ የሚያይ የለም። ከስንት ጊዜ በኋላ አንዲት እናት ልጇ ሞተባት። አብረዋት የነበሩት ሁሉ ተነስተው ሄዱ፤ መንገዳቸው ሩቅ ነበር። እሷ ቀረች። ብትቀር ለልጇ የምታደርግላት ነገር አልነበረም፣ ልጅቷም አትሰማም። ዝም ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። ያን ጊዜ አጠገቧ አንድ መጣ። ከዚያ በፊት የትም አልነበረም። እግዚአብሔር እሱ ነው። ከየት መጣ ላልሽው፣ እንዳንቺ ወዳለች ሴት ነው የመጣው። ሌላውን ሁሉ ያወቀው በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ያወቀው ይህንን ነው።»

ከጀርባዬ «በስመ አብ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጥሩሰው ነበረች፤ ማዶ ሱቅ ያላት፣ አንድም ማኅበር የማታስታጉል ሴት። መምሬ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ዱርሲቱ ረጅም ጊዜ አየችኝና እጇን ዘርግታ አጥሚቱን ተቀበለች። ጠጣችው።

ሁሉን ያመጣው መጠጣቷ ነው። ባትጠጣ ኖሮ የሽማግሌ መቀባጠር ተብሎ በማግስቱ ይረሳ ነበር። ስትጠጣ ግን ያየ ሁሉ ምን ብሏት ነው እያለ ጠየቀ። እሷም ሊጠይቃት ለሚመጣው ሁሉ ትናገር ጀመር። ያስወረዳት አንዲት የሰፈር ሴት መጥታ ስታለቅስ፣ «አይዞሽ፣ እሱም የመጣው እንዲህ ባለው ቀን ነው» አለቻት። ያቺ ሴት ለሌላ ነገረች። ጥሩሰው በበኩሏ ደጀ ሰላም ሄዳ ተናገረች። ባጃጅ የሚነዳው ቢኒ፣ የድሮ ተማሪዬ፣ መንገድ ላይ አቁሞ፣ «ቲቸር፣ አዲስ ሃይማኖት አወጡ አሉ! ጾም ከሌለው እኔን ይመዝግቡኝ» ብሎኝ ጓደኞቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን በሩን ዘጋሁ።

በሳምንቱ መምሬ ቤቴ መጡ። ከበሩ ሳይገቡ ነው የጀመሩት። «ምን አደረግህብኝ፣ መምህር?»

«ጠየቀች፣ መለስኩ» አልኳቸው።

«ይህን ሁሉ ዘመን አስተምረህ ዝም ማለት መልስ እንደሆነ አልተማርክም?» ወንበር ሰጠኋቸው፣ ተቀመጡ። «ለመሆኑ ለአምላክ ሌላ እናት ልታመጣለት ነው? እመቤታችን ትበቃናለች!»

ወለደችው እንዳላልኩ፣ አጠገቧ መጣ እንዳልኩ ነገርኳቸው። ከዚያም ድንኳኑ ውስጥ ያልተናገርኩትን ክፍል በእርጋታ አስረዳኋቸው። ጨለማ ክፍል ውስጥ መብራት ሲበራ ከመብራቱ በፊት ጀምሮ እዚያ የነበሩት ወንበሮች ሁሉ ይታያሉ፤ ብርሃኑ ወደ ፊት ብቻ አይወድቅም። እሱም አንዴ ከመጣ ወዲያ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሞላ፤ ስለዚህ ያለፈውም ሁሉ የእሱ ሆነ፤ ስለዚህ እኔ «ከዓለም በፊት የነበረ» ብዬ ስጸልይ አልዋሽም። መምሬ እስክጨርስ ሰሙኝ። የስሌት ሰው ናቸውና መንገዱን ይከተሉታል።

«ይህን ለሊቃውንት ንገራቸውና ይለኩህ» አሉኝ ስጨርስ። «ለዱርሲቱ የነገርካት ግን መብራቱን አይደለም። ለእሷ የነገርካት ሐዘን ባለበት ይመጣል ብለህ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሐዘን የመጣ አምላክ ሐዘኑ ሲያልቅ ወዴት ይሄዳል?»

ያን ጥያቄ በዚህ ሁሉ ዓመት ራሴን ጠይቄው አላውቅም፤ ለምን እንዳልጠየቅሁትም አሁን ገና ነው የገባኝ። መምሬ ተነሱ። «ሄደህ እያት» አሉኝ። «አጥሚት ጠጣች ብለህ ቤትህ ተቀምጠሃል። ሄደህ እያት።»

ሄድኩ። ድንኳኑ ፈርሷል፣ እንግዳው ተመልሷል። ዱርሲቱ ግን በለቅሶው ቀን የተቀመጠችበት ምንጣፍ ላይ፣ የነበረችበት ቦታ ላይ ነበረች። ትበላለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ሰው ሲመጣ ትናገራለች፤ አትነሳም። ለመጸዳዳት ካልሆነ በቀር ከዚያ ምንጣፍ አልተነሳችም። ልብሷን አጥባ አታውቅም። ጉሊቷን ሌላ ሴት ይዛዋለች። እህቷ ከተጂ መጥታ ልትወስዳት ለምናት ለምናት ተመልሳለች። እግሮቿ አብጠዋል።

«ለምን አትነሺም?» አልኳት።

«ከተነሳሁ ይሄድብኛላ!» አለችኝ፤ እንደ ሞኝ አየችኝ። «አንቱ አይደሉ ያሉኝ? ሌሎቹ ሄዱ፣ እሷ ቁጭ አለች፣ እሱ መጣ። ታዲያ ስትነሳስ? ስትነሳ ምን ሆነ? እሱን አልነገሩኝም እኮ፣ ጋሼ።»



«ከመጽሐፍ ነው ያገኙት?» አለችኝ ቀጥላ። «ወይስ አይተዋል? ያየ ሰው አለ? ካለ እሱን ይጠይቁልኝ።»

ሰበታ ውስጥ እኔ ወልጄ የማላውቅ ሰው ነኝ። ስመጣ እንዲያ ብለው ተቀበሉኝ፣ እኔም አላረምኩም። ከሰላሳ ዓመት በላይ ማንም ስለ ልጅ ጠይቆኝ አያውቅም። ስለዚህ እሷን «ቆይ፣ እመልስልሻለሁ» ብያት ወጣሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ለዚያ ነው።

ነገሩ ግን ጊዜ የሚሰጥ አልሆነም። የፊታችን እሁድ የሐኒ አርባ ነው። መምሬ ቃላቸውን ልከውብኛል፦ ከፍትሐቱ በፊት በሕዝቡ ፊት ቆሜ፣ ለዱርሲቱ በቀጥታ፣ የተናገርኩት ሐሰት ነው፣ ከራሴ የፈጠርኩት ነው እንድላት። ካላልኩ ከዚያ ድንኳን አይገቡም። ዱርሲቱ ደግሞ ልጇ ያለ ፍትሐት እንድትቀር በፍጹም አትፈልግም፤ «ጸሎቱም ይደረግልኝ፣ እሱም አይሂድብኝ» ትላለች። ሁለቱ እንደማይሆኑላት ማንም ደፍሮ አልነገራትም።

በመምሬ አልፈርድም። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እንዲያው አደርግ ነበር። የሚያዩት አንዲት ሴት ምንጣፍ ላይ ስትሞት ነው።

የእድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ዲሪባ ሊያስታርቁን ብለው ትናንት መጡ። ገበሬ ናቸው፤ ከተማው መሬታቸውን ዙሪያውን እየበላው ጓሯቸው ድረስ ደርሷል፣ እሳቸው ግን አሁንም በሬ አላቸው። «አካም ባርሲሳ» ብለው ገቡ፤ መምህር ብለው የሚጠሩኝ በራሳቸው ቋንቋ ነው። «ማሎ፣ እባክህ፣ ሁለት ቃል ናት። ተሳሳትኩ በልና ድንኳኔን ልትከል። ሒሳብ ላይ ተሳስተህ አታውቅም?»

«አውቃለሁ፣ ኦቦ» አልኳቸው። «ግን ተሳሳትኩ የምለው ስህተቱን ሳገኘው ነው።»

«ታዲያ ፈልገዋ!» አሉኝ። «እስከ እሁድ ምን ሥራ አለህ?» ስቀው ነበር ሲገቡ፤ ሲወጡ ግን ትከሻዬን ያዙኝ። «እኔ ስለ እግዚአብሔር መምጫ አላውቅም። በሬዎቼ ሲሞቱ እንኳ ከየት መጣ አልልም። ያቺ ሴት ግን ትነሳ። የፈለግኸውን በል፣ ብቻ ትነሳ።»

እንግዲህ የያዝኩትን ታያለሽ። ሐሰት ነው ካልኳት ፍትሐቱ ይደረግላታል፤ ግን ከአጥሚቱ በፊት ወደነበረችበት ትመለሳለች፣ ከዚያ ደግሞ የሚያወጣት ሌላ ቃል የለኝም፤ መምሬም የላቸውም፣ ሞክረው ነበር። እውነት ነው ብዬ ከጸናሁ እስክትሞት ትቀመጣለች፣ ልጇም ያለ ጸሎት ትቀራለች። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እሱ ግን የሚከፈተው በአንቺ ነው።

ስለዚያ ቀን አንቺና እኔ ተነጋግረን አናውቅም። ልጽፈው ነው፤ በትክክል ካልጻፍኩት አርሚኝ።

ከተጂ አውቶቡስ የተሳፈርነው ልጅቷ ትኩሳቷ አልበርድ ብሎ ነው። የተጂው ጤና ጣቢያ አዲስ አበባ ውሰዷት ብሎን ነበር። ዓለም ገና ስንደርስ አውቶቡሱ ተበላሸ። ሹፌሩ ሥሩ ገብቶ ሲጠግን እኔ መኪና ልለምን ወደ ሰበታ መታጠፊያው ሮጥኩ። ስመለስ ሌላ አውቶቡስ መጥቶ ሰዉን ሁሉ ጭኖ ሄዷል። አንቺ ቀረሽ። ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠሽ ነበር፣ በነጠላሽ ጠቅልለሻታል። መኪና እንዳገኘሁ ልነግርሽ አፌን ስከፍት ጣትሽን ከንፈርሽ ላይ አደረግሽ። «ቀስ በል» አልሽኝ፤ «አንድ ሰው መጥቷል።» ዙሪያውን አየሁ። አስፋልቱና እርሻው ብቻ ነበር። «የቱ ሰው?» አልኩሽ። «ቅድም አልነበረም» አልሽ። «ሰዎቹ ሲሄዱ ነው የመጣው።» ከዚያ በኋላ ነው ነጠላውን ገልጬ ያየሁት።

ከቀብሩ በኋላ ስንት ጊዜ ጠየቅሁሽ! ምን ይመስል ነበር፣ ከየት በኩል መጣ፣ ምን አለሽ። አንድ ጊዜ ብቻ መለስሽልኝ፤ «አላብራራም፣ ማብራራት የምትወደው አንተ ነህ» አልሽኝ። እውነትሽን ነበር። እኔ ማብራራት አላቆም አልኩ፣ አንቺ መስማት አልቻልሽም፣ ቤታችን ሁለቱን አልያዘም። ያየሽው አንቺ ነሽ። እኔ ያደረግኩት አንቺ ካየሽው ተነስቼ ማስላት ብቻ ነው፤ መብራቱንም ወንበሮቹንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማዕዘኑ ሁሉ ይገጥማል። መምሬ የጠየቁኝ ግን ስሌቱ ውስጥ የለም።

የመነኮስሽ ጊዜ ዜናው ሲደርሰኝ ትተሽዋል ብዬ አዘንኩ። ያን ዓለም ገና ላይ የመጣውን ትተሽ፣ ሁልጊዜ ወደነበረው፣ ሰው ሁሉ ወደሚያውቀው ሄደሽ መሰለኝ። አሁን እንዲህ ብዬ ማሰቤ ልክ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ስትጸልዪ ማንን እንደምትጠሪ ጠይቄሽ አላውቅም።

ይህን እንድጽፍ ያስነሳኝ ሚልኬሳ ነው፤ ከሱሉልታ ድርቆሽ እየጫነ እዚህ ለከብት አርቢዎች የሚያመጣ ሰው። ያለሽበት ደብር አጠገብ እንደሚጭን አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ጋ ሲያራግፍ ስለ ደብሩ መነኮሳት ያወራ ነበር፣ ስምሽን ጠራ። ምን ዓይነት ሰው ናቸው አልኩት፤ ለምን እንደጠየቅሁ አልነገርኩትም። «እማሆይ? ኧረ እሳቸውማ ሳቂታ ናቸው!» አለኝ። «በቀደም ድርቆሹ ላይ ወጥቼ ስዘፍን ሰምተውኝ፣ 'ሚልኬሳ፣ ከብቶቹ ምን አደረጉህ?' አሉኝ። እኔንም አሳቁኝ፣ እሳቸውም እስኪያነቡ ሳቁ።»

ምሳዬን መብላት አቃተኝ። አልተቀየምኩም፤ እንዲህ እንዳታስቢ። አንቺ ስትስቂ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ተጂ ነው፣ ልጅቷ ዶሮ ስታባርር። ሚልኬሳ ሲነግረኝ ድምፁን ከዚያው አውቄ ሰማሁት።

ስለዚህ ተነስተሻል። መቼ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን የተቀመጠ ሰው እንዲያ አይስቅም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ስትነሺ እሱ ሄደ ወይስ አብሮሽ ተነሳ?

ሄዶ ከሆነ ሳትራሪ ጻፊልኝ። እሁድ በሕዝቡ ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ እላለሁ፤ አላፍርም፣ ስህተቱን አግኝቼዋለሁና። ካልሄደ ደግሞ አንድ መስመር ይበቃኛል፤ ማብራሪያ አልጠይቅሽም። ለዱርሲቱ ወስጄ አነብላታለሁ፦ አንዲት እናት ነበረች፣ ተነሳች፣ አልሄደባትም ብዬ። ለመምሬም የጠየቁኝን ጥያቄ መልስ እሰጣቸዋለሁ፤ የስሌት ሰው ናቸው፣ የታየ ነገርን ይቀበላሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ባይቀበሉም ዱርሲቱ በእግሯ ቆማ ታለምናቸዋለች፤ ያን እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ማን እንደነገረኝ ግን አንቺ ሳትፈቅጂ ለማንም አልናገርም። የልጅቷንም ስም አልጠራም።

አንተ ለምን አትመልስም ትዪኝ ይሆናል። ነገሩን ራሴ ላይ ሞክሬ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። ለመሞከር ግን መጀመሪያ መነሳት ያስፈልጋል፤ እኔ ከዚያ ባሕር ዛፍ ሥር ገና አልተነሳሁም።

እግዚአብሔር፣ በመጣበት በኩል ሁሉ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ሳቅሽን አይውሰድብሽ። በጸሎትሽ ዱርሲቱንና ሐኒን አስቢልኝ፤ ቦታ ከተረፈ እኔንም። ሚልኬሳ ይህን ደብዳቤ ነገ ያደርስልሻል፣ ዓርብ ጠዋት ጭኖ ይመለሳል፣ ከእሁድ በፊት ሌላ ወደዚህ የሚመጣ ሰው የለኝም። እባክሽ ዓርብ ከመነሳቱ በፊት መልስሽን ስጪው። ቶሎ ጻፊልኝ።

የልጅሽ አባት
ሰበታ